የቺካጎ 72 ወንበሮች

ታሪክ ጸሐፊ የሆነውን ይጽፋል እንጂ ሊሆን ይችል የነበረውን አይጽፍም ይባላል። አባባሉ እውነትነት አለው። ሆኖም አንድ ነገር የሆነው ሌላው ሳይሆን በመቅረቱ ስለሆነ፣ ያልሆነውን ጨርሶ የማያስብ ሰው የሆነውንም በሚገባ ተረድቶታል ለማለት አይቻልም። ነገር ግን «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ብሎ መጠየቅ የራሱ ሥርዓት አለው። እንደ ልብ ወለድ ደራሲ የፈለጉትን ሁሉ መለዋወጥ አይፈቀድም፤ አንዲት ነገር ብቻ ለውጦ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን በሒሳብና በማስረጃ መከተል ነው። ዛሬ በዚህ ሥርዓት የምንመረምረው በ1912 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ የተደረገውን የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የምንለውጠው የጦርነት ውጤት ወይም የታላቅ ሰው ሞት አይደለም። የምንለውጠው የአንድ ሊቀ መንበር አንድ ውሳኔ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ይበጃል። በአሜሪካ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ሁለት በሮች ማለፍ አለበት። የመጀመሪያው በር የገዛ ፓርቲው ጉባኤ ነው፤ ሁለተኛው ሕዝቡ ድምፅ የሚሰጥበት ምርጫ ነው። ዓለም የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። በመጀመሪያው በር የቀረ ግን ሁለተኛውን ከሩቅ ያየዋል እንጂ በቀላሉ አይደርስበትም። በ1912 የሪፐብሊካን ጉባኤ 1,078 ወኪሎች ነበሩት፤ ዕጩ ለመሆን 540 ድምፅ ያስፈልግ ነበር።

የተፋለሙት ሁለቱ ሰዎች የቅርብ ወዳጆች የነበሩ ናቸው። ቴዎዶር ሩዝቬልት ከ1901 እስከ 1909 አሜሪካን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ለኛም አገር ታሪክ እንግዳ አይደሉም፤ በ1903 ሮበርት ስኪነርን ወደ አዲስ አበባ ልከው ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል እንዲፈረም ያደረጉ እሳቸው ናቸው። በ1904 ምርጫ ባሸነፉበት ሌሊት ዳግመኛ እንደማይወዳደሩ በአደባባይ ቃል ገቡ። በ1908ም ቃላቸውን ጠብቀው የጦር ሚኒስትራቸውን ዊልያም ሃዋርድ ታፍትን በቦታቸው አስመረጡና እሳቸው ለአደን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሄዱ።

ሲመለሱ ግን ወዳጅነቱ ተበላሽቶ ጠበቃቸው። በጥር 1910 ፕሬዚዳንት ታፍት የሩዝቬልት ወዳጅ የነበሩትን የደን ጥበቃ ሹም ጊፎርድ ፒንቾን ከሥራ አሰናበቱ። በ1911 ደግሞ የታፍት መንግሥት በታላቁ የብረት ኩባንያ በዩናይትድ ስቴትስ ስቲል ላይ ክስ መሠረተ። በክሱ ውስጥ የተጠቀሰው አንዱ ነገር ሩዝቬልት በ1907 ፈቅደውት የነበረ ግዢ ስለሆነ፣ ቀድሞ የነበሩት ፕሬዚዳንት ተታልለዋል እንደማለት ሆነ። ሩዝቬልት ይህን አልታገሡም። በ1912 መጀመሪያ የቀድሞ ቃላቸውን ወደ ጎን ትተው የገዛ ወዳጃቸውን ለመፎካከር ወጡ።

በዚያ ዓመት በጥቂት ክፍላተ ሀገር የፓርቲው አባላት ራሳቸው ድምፅ የሚሰጡበት ቅድመ ምርጫ ገና መለመድ ጀምሮ ነበር። በዚህ ምርጫ ሩዝቬልት በ9 ክፍላተ ሀገር አሸነፉ፤ ከነዚህም አንዷ የታፍት የትውልድ አገር ኦሃዮ ነበረች። በጠቅላላው ሩዝቬልት ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ድምፅ ሲያገኙ ታፍት ያገኙት ወደ 760 ሺህ ያህል ነው። ሕዝቡ በተጠየቀበት ስፍራ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ሚዛኑ ወደ ሩዝቬልት አዘነበለ።

ይሁን እንጂ የሚበዛው ወኪል የሚመረጠው በቅድመ ምርጫ ሳይሆን በፓርቲው የአካባቢ ስብሰባዎች ነበር። በተለይ የደቡብ ክፍላተ ሀገር ነገር የሚያስደንቅ ነው። በደቡብ ሪፐብሊካኖች በምርጫ ቀን የሚያሸንፉበት ተስፋ አልነበራቸውም፤ በጉባኤው ግን ከጠቅላላው ወኪል ሩብ የሚጠጋው ከዚያ ይመጣ ነበር። ከነዚህም ወኪሎች ብዙዎቹ የመንግሥት ሹሞች ነበሩ፤ የፖስታ ቤት ኃላፊ፣ ቀረጥ ሰብሳቢ፣ የፍርድ ቤት ሹም። የሾማቸው ፕሬዚዳንት ለዕጩነት ሲቀርብ ለማን ድምፅ እንደሚሰጡ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። እንጀራቸው በእጁ ነው።

ሩዝቬልት ይህን አላወቁም ነበር ማለት አይቻልም። በ1908 ታፍትን ያስመረጡት በዚሁ መሣሪያ ነው። ያን ጊዜ የደቡብ ወኪሎች ውክልና ክርክር ሲነሣ የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ለፕሬዚዳንቱ ሰው እየፈረደ ተቃዋሚዎችን ሁሉ ደፍጥጦ አለፈ፤ ጋዜጦችም የጉባኤውን አሠራር «ዳምጠው» ብለው ሰየሙት። ከ4 ዓመት በኋላ ያው ዳምጠው ዞሮ በሩዝቬልት ላይ መጣ።

ጉባኤው ከመከፈቱ በፊት በ254 ወንበሮች ላይ «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» የሚል ክርክር ቀረበ። ኮሚቴው 235ቱን ለታፍት፣ 19ኙን ለሩዝቬልት ፈረደ። እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳንሆን መጠንቀቅ ይገባል። ከቀረቡት ክርክሮች ብዙዎቹ መሠረት የሌላቸው ነበሩ። የሩዝቬልት ሰዎች ለጋዜጣ ወሬ እንዲመች ያቀረቧቸውም ስለነበሩ፣ በኮሚቴው ውስጥ ያሉ የራሳቸው ደጋፊዎች ጭምር አንዳንዶቹን ውድቅ አድርገዋቸዋል። ነገሩ ተጣርቶ ተጣርቶ ሲያልቅ እውነተኛ ጠብ የቀረው በ72 ወንበሮች ላይ ነው።

ጉባኤው ጁን 18 ቀን ተከፈተ። በዋዜማው ሩዝቬልት እዚያው ቺካጎ ውስጥ ለደጋፊዎቻቸው ባደረጉት ንግግር ትግሉን በዮሐንስ ራእይ ከተነገረው ከአርማጌዶን ጦርነት ጋር አመሳስለውት ነበር። አዳራሹም የጦር ሜዳ መስሏል። በመድረኩ ዙሪያ ለጌጥ በተዘረጋው የባንዲራ ጨርቅ ሥር እሾሃማ ሽቦ ተደብቆ ነበር። የሩዝቬልት ሰዎች አንድ ውሳኔ ባለፈ ቁጥር እንደ እንፋሎት ሞተር እያፏጩ በዳምጠው ያሾፉ ነበር።

የጉባኤው ሊቀ መንበር ሆነው በ558 ድምፅ የተመረጡት ኤሊሁ ሩት ናቸው። ሩት የሩዝቬልት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ፣ በሕግ ዕውቀታቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። ከሚያስፈልገው 540 ድምፅ ያለፉት በ18 ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የሚዙሪ አገረ ገዥ ኸርበርት ሃድሊ ተነሥተው 72ቱ የታፍት ወኪሎች ከመዝገቡ እንዲወጡና የሩዝቬልት ወኪሎች እንዲተኩ ጠየቁ። ያን ጊዜ ነገሩን ሁሉ የሚወስን አንድ ጥያቄ ተነሣ። እነዚህ 72 ሰዎች፣ ወንበራቸው ራሱ አጠያያቂ ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ጉዳይ ድምፅ መስጠት ይችላሉን?

ሊቀ መንበሩ ይችላሉ አሉ። ማንም በራሱ ወንበር ላይ ድምፅ አይሰጥም፤ በሌሎቹ ወንበሮች ላይ ግን ይሰጣል አሉ። ለዚህም በቂ የሕግ ምክንያት ነበራቸው። ክርክር የቀረበበት ወኪል ሁሉ ድምፁን የሚያጣ ከሆነ፣ ጥቂት ሰዎች በሐሰት ክርክር ብቻ ብዙኃኑን አስወጥተው ጉባኤውን ሊይዙ ይችላሉ። ክርክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን በተግባር ሲታይ ውሳኔው የእከክልኝ ልከክልህ ሥራ ሆነ። የአላባማው ለቴክሳሱ፣ የቴክሳሱ ለካሊፎርኒያው እያለ 72ቱም አንዱ የሌላውን ወንበር አጸና። በወረቀት ላይ ማንም በራሱ ጉዳይ አልፈረደም፤ በእውነቱ ግን ሁሉም በራሳቸው ጉዳይ ፈረዱ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ይታወቃል። ታፍት በ561 ድምፅ ዕጩ ሆኑ። ከ340 የሚበልጡ የሩዝቬልት ወኪሎች ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ድምፅ አንሰጥም ብለው ዝም አሉ። ሩዝቬልትም ወንበራችን ተሰረቀ ብለው በኦገስት ወር እዚያው ቺካጎ ውስጥ ፕሮግሬሲቭ የተባለ አዲስ ፓርቲ አቋቋሙ። በኖቬምበር ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ የዲሞክራቶቹ ዕጩ ውድሮ ዊልሰን 435 የመራጮች ድምፅ አገኙ፤ ሩዝቬልት 88፣ ታፍት 8። ዊልሰን ያገኙት የሕዝብ ድምፅ ግን ወደ 6.3 ሚሊዮን ነው፤ ይህም ከ4 ዓመት በፊት የተሸነፈው የፓርቲያቸው ዕጩ ካገኘው ያነሰ ነው። ሩዝቬልት 4.1 ሚሊዮን፣ ታፍት ወደ 3.5 ሚሊዮን አግኝተዋል። ዲሞክራቶች ያሸነፉት ስለ በዙ ሳይሆን ተቃዋሚያቸው ለሁለት ስለተሰነጠቀ ነው።

እንግዲህ አሁን አንዷን ነገር እንለውጥ። ሩት «72ቱ ጉዳያቸው እስኪጣራ ድምፅ አይስጡ» ብለው ቢሆን ኖሮስ? ለሊቀ መንበሩ ከተሰጠው 558 ድምፅ 72 ሲቀነስ 486 ይቀራል፤ በወዲያኛው ወገን የነበረው ድምፅ ደግሞ ወደ 500 ይደርሳል። የጉባኤው ሚዛን ይገለበጣል ማለት ነው። 72ቱም ለሩዝቬልት ቢሰጡ ሩዝቬልት ዕጩ የመሆን ሰፊ ዕድል ነበራቸው። ግማሾቹ ብቻ ቢሰጡ ግን ሁለቱም 540 መድረስ ያቅታቸውና ጉባኤው ሦስተኛ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ሃድሊ ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ ስማቸው በጉባኤው ውስጥ በብርቱ ይነሣ ነበርና።

ሩዝቬልት ዕጩ ሆኑ እንበል። የእሳቸውንና የታፍትን ድምፅ ብንደምር 7.6 ሚሊዮን ይሆናል፤ ከዊልሰን በ1.3 ሚሊዮን ይበልጣል። ነገር ግን ድምፅ እንደ እህል በአንድ ጆንያ የሚደመር ነገር አይደለም። ሩዝቬልትን እንደ አደገኛ ሰው የሚያዩ ብዙ የታፍት ደጋፊዎች ወደ ዊልሰን ይሄዱ ወይም ከቤታቸው ይቀሩ ነበር። ከዚህም በላይ የዲሞክራቶች ጉባኤ በባልቲሞር የተከፈተው የቺካጎው ከተዘጋ ከ3 ቀን በኋላ ነው። በዚያ ጉባኤ ቻምፕ ክላርክ በ10ኛው ዙር ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝተው ሳለ፣ የፓርቲው ደንብ ሁለት ሦስተኛ ይጠይቅ ስለነበር ቀሩ፤ ዊልሰን የተመረጡት በ46ኛው ዙር ነው። ከፊታቸው ያልተከፋፈለ ሪፐብሊካን ቢያዩ ማንን ይመርጡ እንደነበር በእርግጥ ለመናገር አይቻልም። ስለዚህ የሩዝቬልት ድል የሚመስል ነገር ነው እንጂ የተረጋገጠ አይደለም።

ወደ ፊት በሄድን መጠን መንገዱ ይጨልማል። ብዙዎች «ሩዝቬልት ቢሆኑ ኖሮ አሜሪካ በ1914 ወይም በ1915 ወደ ዓለም ጦርነት በገባች ነበር» ይላሉ። እውነት ነው፣ በሜይ 1915 ሉሲታኒያ የተባለችው መርከብ ሰጥማ 128 አሜሪካውያን ሲሞቱ ሩዝቬልት በብርቱ ጮኸዋል። ነገር ግን ጀርመን ቤልጂክን በወረረች ሰሞን የጻፉት ጽሑፍ በኋላ ከተናገሩት እጅግ የለዘበ ነበር። ደግሞም ከሥልጣን ውጭ ሆኖ ለጋዜጣ የሚጽፍ ሰውና ጦርነት ማወጅ የሚችለውን ኮንግሬስ ማሳመን ያለበት ፕሬዚዳንት አንድ አይደሉም። በ1905 ሩሲያንና ጃፓንን አስታርቀው የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት እኒሁ ሰው መሆናቸው አይዘንጋ።

ለኛ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚነካን የመንግሥታት ማኅበር ነገር ነው። ማኅበሩን ያሰቡት ዊልሰን ናቸው፤ ውሉን በአሜሪካ ሴኔት ያሰናከሉት ደግሞ የሩዝቬልት የረጅም ዘመን ወዳጅ ሄንሪ ካቦት ሎጅ ናቸው። በማርች 1920 ውሉ 49 ለ35 ሆኖ ለሁለት ሦስተኛ 7 ድምፅ ጎደለውና አሜሪካ ከማኅበሩ ውጭ ቀረች። ሩዝቬልት በ1910 የኖቤል ንግግራቸው ታላላቅ መንግሥታት በኃይል የሚያስከብሩት የሰላም ማኅበር እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርበው ነበር። እንግዲያውስ በእሳቸው እጅ ቢሆን ሎጅ ይደግፉት፣ አሜሪካም አባል ትሆን፣ በ1935 ኢጣልያ ስትወረን ማኅበሩ ጥርስ ይኖረው ነበር ማለት ይቻላልን?

ሐሳቡ ልብን ይስባል። ዘይት ከማዕቀቡ ውስጥ ሳይገባ ሲቀር ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ አሜሪካ አባል ስላልሆነች ትሸጥላቸዋለች የሚል ነበር። ነገር ግን የስዌዝን ቦይ ሳይዘጉ የቀሩት እንግሊዞች የማኅበሩ አባል ነበሩ፤ ፈረንሳይም አባል ነበረች። አባልነት ያልጎደላቸው ፈቃድ ጎደላቸው። የሩዝቬልት ማኅበርም የታላላቆች ዘበኝነት እንጂ የታናናሾች ሸንጎ አልነበረም። ኢትዮጵያ በ1923 የገባችበትን ዐይነት በር ይከፍትላት እንደነበር ማን ዋስ ይሆናል? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤቱ አይረዳም፤ ባለቤቱ በጁን 1936 ጄኔቭ ላይ ቆሞ ጮኾም ጎረቤት ዝም ብሏል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ የተበደለውን ሰው ከመጠን በላይ እንዳናመሰግን ያግደናል። ከደቡብ ወደ ቺካጎ ከመጡት ወኪሎች ውስጥ በርካታ ጥቁሮች ነበሩ። ሩዝቬልት «ወንበር ተሰረቀብን» ብለው በኦገስት አዲሱን ፓርቲ ሲመሠርቱ፣ ከደቡብ የመጡ የጥቁር ወኪሎችን ወንበር ከለከሉ፤ የደቡብን ነጮች ለመሳብ ሲሉ። በጁን ከሳሽ የነበሩት በኦገስት ዳኛ ሆነው ያንኑ አደረጉ። የዊልሰን መንግሥት በ1913 በዋሽንግተን መሥሪያ ቤቶች ጥቁርና ነጭ ሠራተኞችን መለየቱ የታወቀ ነው። ሩዝቬልት ቢመረጡ ይህ አይሆንም ነበር የሚል ሰው ይህን የኦገስት ሥራቸውን አስቀድሞ መመለስ አለበት።

እንግዲህ «ቢሆን ኖሮ» ከዚህ አልፎ አይወስደንም ማለት ነው? ደግነቱ ታሪክ ራሱ ፈተናውን ደግሞታል። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 1952፣ የሪፐብሊካን ጉባኤ እንደገና በቺካጎ ተሰበሰበ። ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ሴናተር ሮበርት ታፍት፣ የፕሬዚዳንት ታፍት ልጅ፣ ነበሩ፤ ሌላው ጄኔራል አይዘንሃወር። የፓርቲው ኮሚቴ ለታፍት ያደላ ነበር፤ ከቴክሳስ፣ ከጆርጂያና ከሉዊዚያና በመጡ ወኪሎች ላይም እንደ ጥንቱ የወንበር ክርክር ተነሣ። ይህን ጊዜ ግን የአይዘንሃወር ሰዎች የ1912ን ነገር አጥንተው ነበር። ክርክር ያለበት ወኪል ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ በማንም ወንበር ላይ ድምፅ አይስጥ የሚል ሐሳብ አወጡ። የሐሰት ክርክርም ጉባኤውን እንዳያፈርስ፣ ከኮሚቴው ሁለት ሦስተኛው ያጸደቀው ወኪል ድምፁን አያጣም አሉ። ሩት የፈሩት ነገርና የሩዝቬልት ሰዎች ያማረሩበት ነገር በአንድ ደንብ መልስ አገኙ ማለት ነው።

ይህን ሐሳብ የሪፐብሊካን አገረ ገዥዎች፣ የታፍት ደጋፊዎች ሳይቀሩ፣ ከጉባኤው በፊት ፈርመውበታል። በጉባኤው የመጀመሪያ ቀን የታፍት ወገን ደንቡን ለማላላት ያቀረበው ማሻሻያ 658 ለ548 ወደቀ። አይዘንሃወር በመጀመሪያው ዙር 595 ድምፅ አግኝተው 9 ሲጎድላቸው ሚኒሶታ ድምፅዋን ለውጣ ሞላችላቸው። አባት ባሸነፈበት ከተማ፣ አባት ያሸነፈበት ውሳኔ በመገልበጡ ልጅ ተሸነፈ። ልጁ ግን አዲስ ፓርቲ አላቋቋሙም። በሴፕቴምበር ከአይዘንሃወር ጋር ተገናኝተው ድጋፋቸውን ሰጡ፤ በኖቬምበርም ፓርቲው 442 ለ89 በሆነ የመራጮች ድምፅ ለ20 ዓመት ያጣውን ሥልጣን መለሰ።

በሁለቱ ጉባኤዎች መካከል ያለው ልዩነት የሰዎቹ ቅድስና አይደለም። የአይዘንሃወር ሰዎች ደንቡን የፈለጉት ስለሚጠቅማቸው ነው፤ ሩትም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የ1912 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጠው ለእሳቸው ነው። ልዩነቱ ያለው በጊዜው ላይ ነው። በ1912 ውሳኔው የተሰጠው ጠቡ ከጦፈ በኋላ፣ የማንን ወንበር እንደሚያጸና ሁሉ እያወቀ፣ በአንድ ሰው አፍ ነው። ስለዚህ ሕጋዊ ሆኖ ሳለ ያመነበት አልተገኘም። በ1952 ግን ከጠቡ አስቀድሞ የሁለቱም ወገን ሰዎች ፈርመውበት ስለነበር፣ የተሸነፈው ወገን ቢያዝንም ከቤቱ አልወጣም።

ዛሬ በመሥሪያ ቤት ደንብ የምናረቅ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የምንይዝ፣ በኮሚቴ ውስጥ የመዝገብ ማጣራት ሥራ የሚሰጠን ወጣቶች ብዙ ነን። ሥራው ተራና አሰልቺ ይመስላል፤ ንግግር የሚያደርገው ሌላ ነው፣ የሚጨበጨብለትም ሌላ ነው። በቺካጎ ግን የነገሩ መቋጫ የተገኘው በአርማጌዶኑ ንግግር ውስጥ አልነበረም፤ የተገኘው በወኪሎች ስም ዝርዝር ውስጥ ነው። የሩት ውሳኔ ዳኛን እንጂ ተሸናፊን አላሳመነም። ታፍት በዚያ ውሳኔ ዕጩነታቸውን አዳኑ፤ በኖቬምበር ግን ሁለት ክፍላተ ሀገር፣ ዩታና ቨርሞንት፣ ብቻ ቀሩላቸው።